አንዲት ማካፈልና የሳይክል ሄልሜት

ስሙኝማ፣ አንድ ነገር ገብቶኝ ለብቻዬ መያዝ አቅቶኛል! የሳይክል ሄልሜት ጭንቅላት የሚያድነው ጠንካራ ስለሆነ አይደለም። ስለሚደቅቅ ነው። ቀስ ብላችሁ ድገሙት፦ ስለሚደቅቅ! ይህችን ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይመጣል። አንዴ የተመታ ሄልሜት ለምን እንደሚጣል፣ ልጅ መኪና ዝር በማይልበት መንገድ ላይ እንኳ ለምን እንደሚያስፈልገው፣ የእስራኤል ሕግ እኛን አዋቂዎችን የት አስገድዶ የት እንደተወን፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። ፊዚክስ መማር አያስፈልግም። ማካፈል የሚችል ሰው ይበቃል፤ እሱም ቢጠፋ ስልካችሁ ላይ አለ።

ከዕቃው እንጀምር። እዚህ ኪርያት ጋት ልጅ ባለበት ቤት በረንዳ ላይ፣ በማሰሪያው የተንጠለጠለ አንድ ካስዳ፣ ያው ሄልሜት፣ አይጠፋም። አውርዱትና ያዙት። መጀመሪያ የሚገርማችሁ ቅለቱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ውጪው ቀጭን ፕላስቲክ ነው። ውስጡ ያለችውን ስፖንጅ ላጥ ስታደርጉ፣ ጥቃቅን ኳሶች እርስ በርስ ተጣብቀው የተሠራ ነገር ታያላችሁ። ካልካር ነው! አዎ፣ አዲስ ፍሪጅ ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ ተደግፎበት የሚመጣው፣ ልጆች እየፈረፈሩ ቤቱን የሚያቆሽሹት ያው ካልካር። የሄልሜቱ ጠበቅ ተደርጎ ተሠራ እንጂ ዘሩ አንድ ነው። ቤል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ1975 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በዚህ ፎም የተሠራ የሳይክል ሄልሜት ገበያ ላይ ካዋለ ወዲህ፣ ቅርጹና ቀለሙ ስንት ጊዜ ተለዋወጠ፣ ሆዱ ግን አልተለወጠም።

የጎረቤቴ ልጅ የጠበበውን ሄልሜት ሊጥል ሲል ለምኜ ወሰድኩት። ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ ፎሙን በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ጎደጎደ። ጣቴን አነሳሁ፤ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ስፖንጅ ቢሆን ተመልሶ ይሞላ ነበር፣ ጎማ ቢሆን ጣቴን መልሶ ይገፋው ነበር። ይሄ ግን የሰጠሁትን ጉልበት ዋጥ አድርጎ ዝም አለ። መብራቱ የበራልኝ እዚህ ላይ ነው! ያቺ ጉድጓድ ጉልበቴ የገባባት ቦታ ናት። ወደ እኔ የሚመለስ ነገር የለም።

እናቶቻችን ከገጠር ወደ ጎንደር ገበያ እንቁላል ሲወስዱ በምን ነበር የሚወስዱት? ቅርጫት ውስጥ፣ በጭድ። ጭድ ከእንቁላል ይጠነክራል እንዴ? በፍጹም። ቅርጫቱ ድንጋይ ላይ ዱብ ሲል እንቁላሉ ወዲያው ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ጭዱ እየታመቀለት ትንሽ ወረድ፣ ወረድ ብሎ ነው የሚቆመው። የተረፈው በዚያች «ወረድ» ነው። ቅርጫቱ ብረት ቢሆን፣ ብረቱ ሳይጫር እንቁላሉ ያልቅ ነበር።

አሁን ማካፈሏን እንሥራ። ጭንቅላታችሁ ከወደቀበት ከፍታ ይያዝ። ከዚያ መሬቱን ከነካ በኋላ ፈጽሞ እስኪቆም የተጓዘባት ርቀት ትያዝ። ከፍታውን ለርቀቷ አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር ጭንቅላታችሁ የራሱን ክብደት ስንት እጥፍ እንደተጫነው ይናገራል። አለቀ! ሌላ ቀመር የለውም። (መምህራን እንዳይቆጡኝ፦ አማካዩን ነው የምለው፤ ከፍተኛው ነጥብ ከዚህም ይበልጣል።)

ሳይክል ላይ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላቱ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው እንበል። ያለ ሄልሜት አስፋልት ላይ ቢያርፍ፣ እስኪቆም የሚታመቀው የራስ ቆዳውና ትንሽ ነገር ነው፤ ሦስት ሚሊሜትር እንስጠው። 1500 ሚሊሜትር ለ3 ሲካፈል 500። አምስት መቶ እጥፍ! የሰው ጭንቅላት አምስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አምስት መቶ ጊዜ አምስት፣ ሁለት ቶን ተኩል። ሁለት ቶን ተኩል ጭንቅላት ላይ፣ ምንም እንኳ ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ቢሆን!

ሄልሜቱን አድርጉና ድገሙት። ፎሙ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል፣ ሦስት ቢወፍር ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ታመቀ እንበል። 1500 ለ20 ሲካፈል 75። ከ500 ወደ 75! ሁለት ቶን ተኩል የነበረው አራት መቶ ኪሎ እንኳ አልሞላም። ከፍታው ያው፣ አስፋልቱ ያው፣ ጭንቅላቱም ያው። የተጨመረው ነገር ሁለት ሳንቲሜትር የሚደቅቅ ካልካር ብቻ ነው። መቆሚያው ጊዜ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ወደ ሰባት ሺህኛ ሰከንድ ረዘመ። እናንተዬ፣ የስድስት ሺህኛ ሰከንድ ስጦታ! ዓይን እንኳ በዚህች ጊዜ አይርገበገብም።

ይህን ሠርቼ ስጨርስ የአውሮፓን የሄልሜት መለኪያ ገልጬ ሳይ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ኢኤን 1078 ይባላል። ሄልሜቱ የብረት ጭንቅላት ላይ ይታሰርና በሰከንድ 5.42 ሜትር ፍጥነት ጠፍጣፋ ብረት ላይ ይወድቃል። ይህች ፍጥነት ደግሞ ከአንድ ሜትር ተኩል የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ የሚኖረው ፍጥነት ናት፤ የእኛው ከፍታ! ጭንቅላቱን የሚጫነው ከ250 እጥፍ በላይ ከሆነ ሄልሜቱ ወድቋል፣ አይሸጥም። አሜሪካኖች ከሁለት ሜትር ይጥሉትና እስከ 300 ይፈቅዳሉ። እዚህ እስራኤል ስትገዙ ውስጡን ገልብጡና የደረጃ ምልክቱን፣ ታቭ ቴኬን የምንለውን፣ ፈልጉ። ያ ምልክት «ይህ ዕቃ ተጥሎ ታይቷል» ማለት ነው።

አሁን ደግሞ እኔን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝን ልንገራችሁ። በማካፈሏ ውስጥ የሳይክሉ ፍጥነት የት አለ? የለም! ከፍታና መቆሚያ ርቀት ብቻ ነው ያለው። ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው፣ እንዲያውም ቆሞ ሚዛኑን የሳተ ሰው፣ ጭንቅላቱ መሬት የሚደርሰው በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። የሚጥለው ሳይክሉ ሳይሆን መሬት ስለሆነች። «እኔ እኮ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» የሚለው ሰው ለመኪናው ትክክል ነው፣ ለአስፋልቱ ግን መልስ አልሰጠም። ወደ ፊት የነበረው ፍጥነት ሌላ ጣጣ አለው፤ መንሸራተትና መሽከርከር ይሆናል፤ እመለስበታለሁ።

ይህን ይዛችሁ ዮም ኪፑርን አስቡ። ሽማግሌዎቻችን አስተስርዮ የሚሉት ቀን ሲገባ መኪና ይቆማል። እነሱ በጾምና በጸሎት ሲውሉ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሳይክሉን ይዞ ይወጣል። የላኪሽ ጎዳና ከዳር እስከ ዳር የልጆች ይሆናል፤ አምስት ዓመት ያልሞላው በሦስት ጎማ፣ አሥራ አምስት የሞላው ባንድ ጎማ! ሄልሜት ግን ብዙ አታዩም። ወላጅ ብትጠይቁ መልሱ ያው ነው፦ «ዛሬ እኮ መኪና የለም»። እስቲ ማካፈሏን አስታውሱ። ሄልሜት የተፈተነው ለምንድን ነው? ከአንድ ሜትር ተኩል አስፋልት ላይ ለመውደቅ። በዮም ኪፑር የሚወድቅ ልጅ ምን ይሆናል? ከአንድ ሜትር ተኩል ወይም ከዚያ ዝቅ ካለ ከፍታ አስፋልት ላይ ይወድቃል! በዓመት ውስጥ ሄልሜት ሥራውን አሟልቶ ሊሠራ የሚችልበት አንድ ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው፤ እኛ ግን በረንዳ ላይ ሰቅለነው እንወጣለን። የማጌን ዴቪድ አዶም አምቡላንሶች በየዓመቱ በዚያ ቀን ከሳይክል የወደቁ ልጆችን ያነሳሉ፤ ማታ በዜና ትሰሙታላችሁ።

አሁን ወደ ሌላኛው ጫፍ፣ ወደ ፕሉጎት መገናኛ እንውጣ፤ 35 እና 40 ቁጥር መንገዶች ወደሚገናኙበት። እዚያ ማካፈሏ ትጨክናለች። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር መመታት ከስንት ሜትር መውደቅ ጋር እኩል ነው? አሥር ሜትር ያህል። ሦስተኛ ፎቅ! ሄልሜቱ የተፈተነው ለአንድ ሜትር ተኩል ነው፤ ያችን ሁለት ሳንቲሜትሩን ያለ ስስት ይሰጣል፣ ከዚያ ፎሙ ታምቆ ታምቆ ድንጋይ ይሆንና የቀረው ሁሉ ወደ ጭንቅላት ያልፋል። አሥር ሜትር ለሁለት ሳንቲሜትር ሲካፈል እንደገና 500። ስለዚህ ሄልሜት የጭነት መኪና መከላከያ አድርጎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትመኑት። ይጠቅማል፤ መኪና ገፍቶት የወደቀ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያርፈው አስፋልት ላይ ነውና። ግን ተአምር አይሠራም።

ወደ ሕጉ ስመጣ ሳቄ መጣ። ክኔሴት በ2007 ሳይክል የሚነዳ ሁሉ፣ ትንሽ ትልቅ ሳይል፣ ሄልሜት ያድርግ ብሎ ወሰነ። በ2011 ቴል አቪቭ ቴል ኦፋን የተባለውን የኪራይ ሳይክል በየመንገዱ ስታቆም ጥያቄ መጣ፦ ለሩብ ሰዓት ሳይክል የሚከራይ ሰው ሄልሜት ከየት ያምጣ? በዚያው ዓመት ሕጉ ላላ። ዛሬ ከ18 ዓመት በታች የሆነ የትም ቢነዳ ግዴታው ነው። ከ18 በላይ የሆነ ግን ተራ ሳይክል በከተማ ሲነዳ አይገደድም፤ ከከተማ ከወጣ ይገደዳል። ሜክሲኮ ሲቲም በ2010 የራሷን የኪራይ ሳይክል ስታስጀምር እንዲሁ ሕጓን አንስታ ነበር።

አያችሁት? ለአዋቂ ሰው ሕጉ የሚያስገድደው ሄልሜቱ ከመኪና ጋር አቅም በሚያጣበት በ40 ቁጥር መንገድ ላይ ነው፤ የሚተወው ደግሞ ተራ ውድቀት በሚበዛበት፣ ሄልሜቱ ለዚያው በተፈተነበት በሰፈር መንገድ ነው! ሕግ አውጪዎቹ ሞኞች አይደሉም። ከከተማ ውጪ ፍጥነቱ ይበልጣል፣ ውድቀቱም ይከፋል ብለው ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ ሰው ሳይክሉን ከሚተው ያለ ሄልሜት ቢነዳ ይሻላል ብለው ነው። ብቻ የላኪሽ ጎዳና ጠርዝ ድንጋይ የነጂውን መታወቂያ አይጠይቅም፤ 17 ዓመት ከ11 ወርም ሆነ 18 ለእሱ አንድ ነው።

ሁለት ጥያቄዎችን ለይተን እንያዝ፤ ክርክሩ የሚደበላለቀው እዚህ ጋ ነውና። አንዱ «ላድርግ ወይ?» ነው። ሌላው «መንግሥት ያስገድደኝ ወይ?» ነው። ለመጀመሪያው መልስ የሚሆን ጥሩ ቁጥር አለ። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጄክ ኦሊቪየርና ፕሩደንስ ክሪተን በ2016 ከ64 ሺህ በላይ የተጎዱ ሳይክል ነጂዎችን የሚመለከቱ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው መረመሩ። ሄልሜት ያደረጉት ሰዎች የራስ ጉዳታቸው በ51 በመቶ፣ ከባድ የራስ ጉዳታቸው ደግሞ በ69 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከሁለት ሳንቲሜትር ካልካር!

ሁለተኛው ጥያቄ ከባድ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የቪክቶሪያ ግዛት በሐምሌ 1990 ለሁሉም ዕድሜ ግዴታ በማድረግ ከዓለም ቀዳሚ ሆነች። (ዋና ከተማዋ ሜልቦርን ናት፤ በ1956 ኦሊምፒክ የእኛው ገረመው ደንቦባ ኢትዮጵያን ወክሎ ሳይክል የነዳባት። ያኔ እንኳን ካልካር፣ ሕጉም አልነበረም።) ኔዘርላንድ በበኩሏ ሕዝቧ ሁሉ በሳይክል እየሄደ ሄልሜት የሚያደርገው ጥቂት ነው፤ መንገዱን ከመኪና ለይተው ሠርተውለታላ! የሕጉ ተቃዋሚዎች እሷን ይጠቅሳሉ። እኔም ለይቶ የተሠራ መንገድ ከሄልሜት ይቀድማል ባይ ነኝ፤ የመጀመሪያው መመታትን ያስቀራል፣ ሁለተኛው ከተመቱ በኋላ ነው የሚሠራው። ግን አምስተርዳም ውስጥ የምኖር መስዬ እዚህ ኪርያት ጋት ያለ ሄልሜት አልነዳም።

አንድ የሚያስቅ ጥናት ሳልነግራችሁ አላልፍም። ኢያን ዎከር የተባለ የእንግሊዝ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሳይክሉ ላይ ርቀት መለኪያ ገጥሞ፣ አንዴ በሄልሜት አንዴ ያለ ሄልሜት፣ ከ2000 በላይ መኪኖች ሲያልፉት ለካ። ሄልሜት ሲያደርግ ሾፌሮቹ በአማካይ 8.5 ሳንቲሜትር ቀርበው ያልፉታል! «ይሄስ ጠንቃቃ ነው፣ ምንም አይሆንም» እያሉ ይመስላል። ከዚያ ረጅም የሴት ዊግ አድርጎ ወጣ፤ ራቅ ራቅ እያሉ አለፉት! በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ አንዴ በአውቶቡስ፣ አንዴ በጭነት መኪና ተገጭቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሄልሜት አድርጎ። ሌሎች ቁጥሮቹን እንደገና አይተው ልዩነቱ አደጋ የሚያመጣ አይደለም ብለው ተከራክረውታል። እኔ የወሰድኩት ትምህርት ለሾፌሮቻችን ነው፦ ሄልሜት ያደረገን ሰው እንዳላደረገው አድርጋችሁ እለፉት።

ወደ መሽከርከሩ እንመለስ፣ ቃል ገብቼ ነበር። በግንቦት 1935 ላውረንስ ኦፍ አረቢያ የሚሉት እንግሊዛዊ በሞተር ሳይክል ሲሄድ፣ ድንገት ያያቸውን ሁለት ሳይክል የሚነዱ ልጆች ለማዳን ሲል ወደቀ። ሄልሜት አላደረገም። ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ የተባለ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ነገሩ ከልቡ አልወጣም፤ በሞተር ሳይክል የሚሞቱ ወታደሮችን ሲያጠና ቆይቶ በ1941 ሄልሜት ሕይወት እንደሚያተርፍ ጽፎ አሳተመ። ከእሱ ጋር ይሠራ የነበረው ሆልቦርን የተባለ ፊዚሲስት ደግሞ በ1943 ሌላ ጉድ አወጣ። አንጎልን በጀላቲን ሠርቶ ሲያንቀሳቅሰው፣ ቀጥታ ሲገፋው ብዙም አይሆንም፤ ድንገት ሲያዞረው ግን ውስጥ ለውስጥ ይገታተራል። አንጎል መጨመቅን ይችላል፣ መጠማዘዝን አይችልም!

ሳይክል ነጂ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይወድቅም። ወደ ፊት እየሄደ ነው የሚወድቀው፤ ሄልሜቱ አስፋልቱን ሲነካ ያዝ ይደረግና ጭንቅላቱ ይጠመዘዛል። ስቶክሆልም ውስጥ ሃንስ ፎን ሆልስት የተባለ የአንጎል ቀዶ ሐኪምና ፒተር ሃልዲን የተባለ መሐንዲስ ለዚህ መላ ዘየዱ። በፎሙና በጭንቅላቱ መካከል ቀጭን የሚንሸራተት ሽፋን አስገቡ። ሲመታ ሄልሜቱ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ዞር ይላል፣ ጭንቅላት ግን አብሮ አይዞርም። ሚፕስ ይባላል፤ ሱቅ ውስጥ ቢጫ ክብ ምልክት ያለባቸው እነሱ ናቸው። ጣታችሁን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ቢጫውን ሽፋን ብታንቀሳቅሱት ሸርተት ሲል ይታወቃችኋል። ዋጋው ከፍ ይላል። አቅም ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ ግን ልክ የሆነ ርካሽ ሄልሜት ልክ ካልሆነ ሚፕስ ይበልጣል።

የኤሌክትሪክ ሳይክሎቹ ነገር ግን ያሳስበኛል። ማለዳ ወደ ባቡር ጣቢያው ወይም ወደ ኢንቴል ፋብሪካ ፈረቃ የሚሄደውን ሰው ተመልከቱ፤ ግማሹ በኤሌክትሪክ ሳይክል ወይም ቆመው በሚነዱት በኤሌክትሪክ ኮርኪኔት ነው። ለእነዚህ ሕጉ ዕድሜ አይለይም፤ ሁሉም ሄልሜት ያደርጋል፣ ከ16 ዓመት በታች ደግሞ አይነዳም። የሳይክሉ ሞተር ከ250 ዋት፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር እንዲያልፍ አይፈቀድም። በ25 ግድግዳ መምታት ከሁለት ሜትር ተኩል መውደቅ ነው፤ ከአውሮፓው ፈተና በላይ ወጣን ማለት ነው። ልጆቹ ገደቡን አስፈትተው 40 ካደረሱት? ከስድስት ሜትር በላይ! ያቺ ማካፈል እንዴት እንደምትሸሽ አያችሁ፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ከፍታው በአራት እጥፍ ነው የሚያድገው። ያ ሁሉ ሄልሜት የማያደርገው የኔዘርላንድ ሕዝብ እንኳ ለፈጣን የኤሌክትሪክ ሳይክል ሲሆን ጊዜ በ2016 ኤንቲኤ 8776 የሚባል ጠንከር ያለ የሄልሜት መለኪያ አወጣ።

አሁን ልክ ማድረጉን እንይ። ፎሙ ሁለት ሳንቲሜትሩን የሚሰጠው በጭንቅላቱና በአስፋልቱ መካከል ከተገኘ ብቻ ነው፤ ወደ ማጅራት የሸሸ ሄልሜት ግንባርን ለአስፋልት ትቷል። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ይቀመጥ፣ ዝቅም ከፍም አይበል። የግራና የቀኙ ማሰሪያ ከጆሮ ሥር ይገናኝ። ከአገጭ ሥር አንድ ጣት ይግባ፣ እጅ ሙሉ አይግባ። ከዚያ ልጁ ራሱን ይነቅንቅ፤ ሄልሜቱ ለብቻው ከጨፈረ ከኋላ ያለችውን ማጥበቂያ አዙሩ።

የእኛ ሴት ልጆች ጉዳይ ደግሞ መመሪያው ወረቀት ላይ አልተጻፈም። ሹሩባው ወደ ላይ ተሰብስቦ አናት ላይ ከተቋጠረ ሄልሜቱ ቋጠሮው ላይ ይቀመጣል፤ ራሱ ላይ አይደለም። ልጅቷ ስትወድቅ ቋጠሮው ይሸሽና ሄልሜቱ ይዞራል። የጎረቤቴን ሴት ልጅ እናቷ አዲስ ሹሩባ ሠርታት አየሁ፤ ከግንባር ወደ ማጅራት የተጋደመ፣ ጫፎቹ ከአንገት በታች የታሰሩ። ሄልሜቱን አደረገችው፣ ማጥበቂያውን ትንሽ ለቀቅ አድርገን እንደገና ጠበቅ አደረግነው፣ ነቀነቀች፤ ንቅንቅ የለም! እናቷ «እንዲህ እንደሆነማ ከበዓሉ በፊት እንዲሁ ነው የምሠራልሽ» አለቻት። ፀጉሯ ስለሚበላሽ ሄልሜት አላደርግም ስትል የነበረችው ልጅ አሁን እሷው ነች የምታስታውሰን።

ልጆቹን ለማሳመን ፊዚክሱ ካልሠራ ቢኒያም ግርማይን አሳዩዋቸው። ኤርትራዊው በ2024 ቱር ደ ፍራንስ አረንጓዴውን ማልያ ሲወስድ ሄልሜቱ ከራሱ አልወረደም፤ በ2016 እዚያው ውድድር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያን ያስጠራው ጽጋቡ ግርማይም እንዲሁ። ምርጫቸው አይደለም። በመጋቢት 2003 የካዛክስታኑ አንድሬይ ኪቪሌቭ ያለ ሄልሜት ፓሪስ–ኒስ ላይ ወድቆ ከሞተ በኋላ ባለሙያ ሁሉ እንዲያደርግ ግዴታ ሆኗል።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ሕጉ አዋቂውን በከተማ ቢተወውም እኔ አደርጋለሁ። ማዘጋጃ ቤቱንም ከባቡር ጣቢያው እስከ ካርሜ ጋት ሰፈር ከመኪና የተለየ መንገድ ሥሩልን ብለን እንጠይቅ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ለልጆች ግን ክርክር የለውም፤ በዮም ኪፑርም ጭምር።

አንድ ልማዳችንን ብቻ እዚህ ላይ እንተወው። እኛ ቤት ዕቃ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል፤ ጃኬቱም፣ ቦርሳውም፣ ሳይክሉም። ያልተመታ ሄልሜት ይውረድ፣ ምንም አይደለም። የተመታው ግን ከላይ ደህና ቢመስልም ሁለት ሳንቲሜትሩን ሰጥቶ ጨርሷል፤ ለሁለተኛ ልጅ የሚሰጠው የለውም። ሌላ ልጅ አንስቶ እንዳያደርገው ማሰሪያውን በመቀስ ቆርጣችሁ ጣሉት።